ቢጫ መልቲሜትር ያለባት የመበየጃ ኪት፦ የሞተ ሞኒተር ታስነሳለች?

መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ዞር ዞር ካላችሁ ይህችን ኪት ሳታዩ አትመለሱም። ዚፕ ያላት ጥቁር ቦርሳ ናት። ውስጧ ሙቀቱ የሚስተካከል 60 ዋት መበየጃ፣ የተለያዩ ጫፎች፣ ሶልደር (ቀልጦ የሚበይደው ብረት) መምጠጫ ፓምፕ፣ ወረንጦ፣ የመበየጃ ማስቀመጫ፣ ጥቂት ሶልደርና ያቺ ሁሉም የሚያውቃት ቢጫ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አሉ። ቦርሳው ላይ የተጻፈው ስም ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፣ ዕቃው ግን ያው ነው። ዋጋዋን አልነግራችሁም። ዛሬ ብጽፈው ነገ ውሸታም ነው የምባለው።

የገዛኋት ለአንድ ነገር ነው። አልበራም ያለ ሞኒተር ነበረኝ፣ ፓወር ቦርዱን (ለሞኒተሩ ኃይል የሚሰጠውን ሰሌዳ) ራሴ ልሞክረው ፈለግኩ፣ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ደግሞ የለኝም። ሞኒተሩ አሁን ይሠራል። ኪቷ ግን ብቻዋን አላስነሳችውም፣ ከውስጧ ካሉት ዕቃዎች ግማሾቹ ባይኖሩም አይጎድሉኝም ነበር።

መጀመሪያ ሞኒተር ለምን እንደሚሞት እንይ፣ ምክንያቱም ኪቷ የምትጠቅመው ለአንድ ዓይነት ሞት ነው። ፓወር ቦርዱ ላይ ቆመው የምታዩዋቸው ትንንሽ ጣሳ መሳይ ነገሮች ካፓሲተር ይባላሉ፣ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማሉ። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ። ሙቀት ቀስ በቀስ ያደርቀዋል፣ ወይ ደግሞ ጋዝ ፈጥሮ አናታቸውን ያሳብጠዋል። በተለይ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እንደ ፈረንጆቹ) የተሠሩ ዕቃዎች ላይ ፈሳሹ ራሱ ጥራት የጎደለው ስለነበር በዓለም ዙሪያ ብዙ ቦርድ ያለ ጊዜው ሞቷል። የእኛ መብራት ደግሞ ሄዶ ሲመጣ እንዴት አድርጎ እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ።

ምልክቱ ቀላል ነው። ሞኒተሩ ሁለት ሰከንድ በርቶ ይጠፋል። ወይ ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ትቀራለች። ወይ ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ረጅም ጊዜ ይወስድበትና አንድ ቀን ጭራሽ እምቢ ይላል። ከፍታችሁ ስታዩ አናቱ ጠፍጣፋ መሆን የነበረበት ካፓሲተር ጉብ ብሎ ካገኛችሁት፣ ወይም ሥሩ ላይ ቡናማ ነገር ደርቆ ካያችሁ፣ ዕድለኛ ናችሁ። ለዚህ ኪቷ ትበቃለች።

አሁን ወደ አስፈሪው ነገር። ቦርዱ ላይ አንድ ከሁሉም የሚተልቅ ካፓሲተር አለ፣ 400 ወይም 450 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት። የግድግዳው 220 ቮልት ከኤሲ ወደ ዲሲ ሲቀየር እዚያ ላይ ወደ 310 ቮልት ገደማ ይሆናል። ሶኬቱን ነቅላችሁም ያ ኃይል እዚያው ሊቆይ ይችላል፣ በተለይ ቦርዱ ሞቶ ኃይሉን የሚበላው ነገር ከሌለ። ከኪቷ ጋር የምትመጣው ወረቀት ስለዚህ አንድ ቃል አትተነፍስም፣ ይሄ ነው በጣም ያናደደኝ። ለጀማሪ ብለው እየሸጡ! አንዳንድ ሰው በካቻቪቴ ሁለቱን እግሮች አገናኝቶ "ጧ" ያደርገዋል። አታድርጉት። ካቻቪቴውን ይበላል፣ ቦርዱን ይጎዳል፣ እጃችሁንም ያስደነግጣል። ከመፍታታችሁ በፊት ሶኬቱን ነቅላችሁ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ያረጀውን ዓይነት ባለ ሽቦ 220 ቮልት አምፖል፣ መያዣውና ገመዱ በደንብ የተሸፈነ፣ ሁለቱ እግሮች ላይ ለጥቂት ሰከንድ አስነኩ፣ ቀጥሎም መልቲሜትሯን ዲሲ 1000 ላይ አድርጋችሁ ወደ ዜሮ መውረዱን አረጋግጡ። አንድ እጃችሁ ኪስ ውስጥ ይሁን።

መልቲሜትሯ ዲቲ-830 የሚባለው ቤተሰብ ናት። ለዋጋዋ ጎበዝ ናት፣ 5 ቮልትና 12 ቮልት ስትለካ አላሳፈረችኝም። ፊውዝ መቆረጡን ታሳያለች፣ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ትፈትሻለች። ግን ገመዶቿ ቀጫጭን ናቸው፣ ለ10 አምፔር የሚሆነው ቀዳዳ ፊውዝ የለውም፣ ስለዚህ ፊት ለፊቷ ላይ 750 ቮልት ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ሶኬት ላይ የተሰካ ቦርድን የግድግዳው መብራት በሚገባበት በኩል በሷ አልለካም። ስሟ መጨረሻ ላይ ቢ ፊደል ካለበት ድምፅ የላትም፣ ሽቦ ስትፈትሹ ዓይናችሁን ከቁጥሩ ላይ መንቀል አትችሉም። ከሱቁ ባለ ዲውን ጠይቁ፣ እሷ ትጮኻለች። 9 ቮልቱን ባትሪ ደግሞ በጊዜ ቀይሩት፣ ሲደክም ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ነው የሚያሳየው።

ትልቁ ጉድለቷ ግን ካፓሲተር አትለካም። ሳያብጥ ውስጡ የደረቀ ካፓሲተር አለ፣ መልኩ አዲስ ይመስላል፣ እሱን በዚህች ኪት አታገኙትም። እኔ ያበጡትን ብቻ ሳይሆን አጠገባቸው ያሉትን አነስተኛ ካፓሲተሮችም አብሬ ቀየርኩ። ሂሳቡ እምብዛም ልዩነት የለውም።

መበየጃዋ የኪቷ ምርጥ ዕቃ ናት። ከ200 እስከ 450 ዲግሪ ትላለች፣ 350 አካባቢ ላይ አድርጌ ሠርቻለሁ። ተገጥሞባት የሚመጣውን መርፌ መሳይ ጫፍ አውጡትና ጠፍጣፋውን ግጠሙ፣ ሹሉ ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። ሁለት እግር ሶኬት ስላላት ኧርዝ (የመሬት መስመር) የላትም፣ ይህንንም እወቁ። አብሯት የሚመጣው ሶልደር ግን የማይረባ ነው፣ ይንከባለላል እንጂ አይያዝም። 60/40 የሚል (የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል)፣ ውስጡ ፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳ ነገር) ያለው ሶልደር ለብቻው ግዙ። ብዙ ሞኒተሮች እርሳስ በሌለው ሶልደር የተበየዱ ናቸው፣ እሱ የሚቀልጠው ከ217 ዲግሪ በላይ ነው፣ እርሳስ ያለው ግን 183 ላይ መቅለጥ ይጀምራል። ስለዚህ ከመንቀላችሁ በፊት የድሮው ብየዳ ላይ ትንሽ አዲስ ሶልደር ጨምሩበት፣ ሲቀላቀል ይለሰልሳል፣ ከዚያ ፓምፑ በአንዴ ይመጠዋል። ይህን የማያውቅ ሰው መበየጃውን እየጫነ ይቆይና የቦርዱ መዳብ ተላጦ ይነሳል፣ ከዚያ ወዲያ ሥራው የጀማሪ አይደለም። ፓምፑ ደህና ነው። ወረንጦውን እርሱት።

ካፓሲተሮቹ ኪቷ ውስጥ የሉም፣ እዚህ ጋ ነው ብር ማውጣት ያለባችሁ። በእኔ ቦርድ ላይ 1000 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ ነው) 25 ቮልትና 470 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት ነበሩ። ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፣ ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ ደግሞ 105 ዲግሪ የተጻፈበት፣ ሎው ኢኤስአር (ውስጣዊ ተቃውሞው ዝቅተኛ) የሚባለው ዓይነት። አንድ ሻጭ 85 ዲግሪውን ሰጥቶኝ "ያው ነው ወንድሜ" አለኝ። ያው አይደለም። ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ነው የሚባለው፣ ሞኒተር ውስጥ ደግሞ አየር እምብዛም አይዘዋወርም። እግሩ አጭር የሆነና የሶልደር ምልክት ያለበት ካፓሲተር ከሰጧችሁም መልሱ፣ ከድሮ ቦርድ የተነቀለ ነው። ዓለም ላይ ካለው ዕቃ ሁሉ ያገለገለ ካፓሲተር መግዛት አይገባኝም!

ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ጎኑ ላይ መስመር ያለበት እግር ኔጌቲቭ ነው። ተገልብጦ የገባ ካፓሲተር ሲፈነዳ ጆሮ ይሰነጥቃል።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ በቀጥታ ሶኬት ላይ አትሰኩት። 60 ወይም 100 ዋት ባለ ሽቦ አምፖል በፌዙ መስመር ላይ ጣልቃ ይታሰርና በእሱ በኩል ይሞከር። ኤልኢዲ አምፖል አይሆንም። አምፖሉ ቦግ ብሎ ወዲያው ከደበዘዘ ጥሩ ነው። ደምቆ ከቀረ ቦርዱ ላይ መገናኘት የሌለበት ነገር ተገናኝቷል (ሾርት)፣ ንቀሉት። ፊውዙ ተቃጥሎ ካገኛችሁትም እንዲሁ ነው፣ ፊውዝ ዝም ብሎ አይቃጠልም፣ ፊውዝ ቀይራችሁ ብቻ አትሰኩ። ያኔ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት። ኩሩ ካልሆናችሁ በቀር ምንም አያሳፍርም።

እንግዲህ ደረጃ ስጥ ካላችሁኝ ከ5ቱ 3 እሰጣታለሁ፣ መበየጃውን ለብቻው ብቆጥረው 4 ነበር። ያበጠ ካፓሲተር በዓይናችሁ ካያችሁና ሌላ ቤት ውስጥ የሚበየድ ነገርም ካለ ግዟት። እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ያለ ውጪ የሚሰካ አዳፕተር ያለው ሞኒተር ከሆነ የእናንተ ግን ገንዘባችሁን ያዙ፣ ብዙ ጊዜ የሚሞተው አዳፕተሩ ነውና ቮልቱና ፖላሪቲው (የፖዘቲቭና የኔጌቲቩ አቀማመጥ) ያው የሆነ፣ አምፔሩ የማያንስ ሌላ ተውሳችሁ ሞክሩት።