ለእታለም ሐኪም ምስጋና፣ በጭንቀት ለምትሠቃዩ ደግሞ ጥቆማ

ደሴ በሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል፣ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ለሚሠሩ አንዲት ነርስ ከመላው ቤተሰባችን የከበረ ምስጋና አቀርባለሁ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ «ሲስተር» ብቻ እላቸዋለሁ። ታላቅ እህቴን ለልጆቿና ለሥራዋ መልሰውልናል። ታሪኩ እንዲጻፍ የፈለገችው እህቴ ራሷ ናት፤ «ልቤን ልቤን እያለ በየቤቱ የሚሠቃይ ስንት አለ፣ ጻፈው» ብላኛለች።

እታለም ኮምቦልቻ ላይ እህል ትነግዳለች። ሕመሙ የጀመራት ወደ ደሴ ስትጓዝ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ልቧ በኃይል መታ፣ ትንፋሿ አጠረ፣ ጣቶቿና ከንፈሯ ደነዘዙ፤ «ሞትኩ፣ አውርዱኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይም፣ ቤትም፣ ከእንቅልፏ መካከልም ይመጣባት ጀመር። የልብ ምርመራ አደረግን፤ ኢሲጂ ተነሣች፣ በአልትራሳውንድም ታየች። ውጤቱ ሁሉ ደኅና ነበር። በየደረስንበትም «ምንም የለሽም» ተባለች። ይህ መልስ ሊያስደስተን ሲገባ እሷን ይበልጥ ሰበራት። ሌሊት ሲያንዘፈዝፋት አድራ ቀን ምንም የለሽም ስትባል፣ ሰው ሁሉ ሆን ብላ የምታደርገው አድርጎ የሚያያት መሰላት። አባባ ዱዓ አስደረጉላት፤ ጎረቤታችን እማማ ጸበል ይዘውላት መጡ፤ ሁለቱንም በአክብሮት ተቀበለች። ሰው አልጎደለባትም። ግን ሚኒባስ መሳፈር ቀረ፣ ቀጥሎ ገበያ መውጣት ቀረ፣ በመጨረሻም ሱቁ ተዘጋ።

አንድ ጠቅላላ ሐኪም ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ሲልኳት «ምኗ አብዶ ነው?» ብሎ የተቆጣ ዘመድ ነበረን። ሲስተር የቀድሞ ውጤቶቿን አንድ በአንድ አንብበው፣ የምትለውን ሳያቋርጡ ሰምተው ሲጨርሱ «ሕመሙ አለሽ፤ ስምም አለው፤ ይታከማል። አብሽሪ» አሏት። ከዚያ በፊት እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም።

ቸኩለው ግን ስም አልሰጡትም። በመጀመሪያ የደም ማነስና የታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ አዘዙ። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞኑን ሲያበዛ ልብን ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ ከጭንቀት ጋር በቀላሉ ይምታታል። እንቅርት በሚበዛበት አገራችን ይህን ሳያዩ ማለፍ አይገባም ባይ ናቸው። ያም ደኅና ሲሆን ሰባት ጥያቄ ያለው መጠይቅ ሞሉላት። ባለፉት 2 ሳምንታት መጨነቅ፣ ሐሳብን መግታት አለመቻል፣ መበሳጨትና የመሳሰለው ምን ያህል ጊዜ እንደደረሰባት ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፣ ድምሩ ከ21 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በጥልቀት መታየት አለበት። ስለ ጦርነቱም ጠየቋት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ልጆቿን ይዛ የወጣች ሴት ናትና፣ ያየችው ነገር በቅዠትና በድንገተኛ ትዝታ እየተመለሰ ያሠቃያት እንደሆነ ረጋ ብለው መረመሩ። እንዲህ ያለው ከ1 ወር በላይ ሲዘልቅ ራሱን የቻለ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም የተለየ ነው። «መኖር ያስጠላሽ ጊዜ አለ?» ብለውም በቀጥታ ጠየቁ። እኛ ቤተሰቦቿ አፍረን ያልጠየቅነው ጥያቄ ነበር።

የእታለም ሕመም ፓኒክ ዲስኦርደር ነው። ድንገት የሚነሣ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ የሚደርስ፣ ከዚያ የሚበርድ የፍርሃት ጥቃት ነው፤ ቀጥሎም «መቼ ይመለስብኝ ይሆን» የሚል ስጋት ሰውን ከቤት ያስቀራል። ሌባ ሳይመጣ እንደሚጮኽ የግቢ ውሻ ነው አሏት፤ ጩኸቱ እውነት ነው፣ ሌባው ግን የለም። የጣቷን መደንዘዝ እንኳ አስረዷት፦ ሰው ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ከንፈርና ጣት የሚደነዝዘው ከዚህ የተነሣ ነው። ያን ቀን የሆስፒታሉን ደረጃ አብረዋት ወጡ። ልቧ ሲመታ የእጇን የደም ሥር አስያዟት፣ ቁጭ ብለው እስኪበርድ ጠበቁ። ልብ መምታት ብቻውን ሞት እንዳልሆነ በገዛ እጇ ለካችው።

ትልቁ ሥራ መንገዱ ነበር። ሕክምናው ደሴ፣ የሚያስፈራት ደግሞ የደሴ መንገድ! ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ለእሷ የዓለም ዳርቻ ሆኖባት ነበር። ሲስተር በደረጃ ከፋፈሉላት። መጀመሪያ በቆመ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ፣ ቀጥሎ ከተማው ውስጥ አጭር ጉዞ፣ ከዚያ እስከ ሐረጎ ግርጌ፣ በመጨረሻ ዳገቱን ከእኔ ጋር፣ ኋላም ብቻዋን። ዋናው ሕግ ፍርሃቱ ሲመጣ ዘሎ አለመውረድ ነው፤ ሳይሸሹት ሲቆዩ ራሱ ይወርዳል። እዚህ ላይ መናኸሪያ ያገኘነውን ሾፌር ሳላመሰግን አላልፍም። ተሳፋሪ እስኪሞላ ወንበሩን ሰጥቶ «የፈለግሽውን ያህል ተቀመጪ፣ እቴ» ይላት ነበር፤ ምክንያቱን አንድም ቀን አልጠየቃትም።

መድኃኒትም ታዞላታል፤ ፍሉኦክሰቲን ነው፣ በአነስተኛ መጠን ተጀመረ። መሥራት ለመጀመር ከ2 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ እንደሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱን ትንሽ ሊያባብሰው እንደሚችል አስቀድመው ባይነግሩን ኖሮ በሳምንቱ ትጥለው ነበር። ተሻለኝ ብሎ በድንገት ማቋረጥም ክልክል ነው። እንደ ዲያዜፓም ያለውን ማረጋጊያ ግን አልሰጧትም፤ ወዲያው ቢያረጋጋም ሲቆይ ሱስ ያስይዛል፣ መንገዱንም ከመለማመድ ያዘናጋል። ቡናውን አልከለከሏትም፣ «አቦሉን ጠጪ፣ ቶናና በረካውን ለእንግዶችሽ ተይላቸው» አሏት እንጂ። ጫት የሚቅሙትንም ያለ ነቀፋ ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም ልብን ያስመታሉና። ዱዓውንም ጸበሉንም አልነቀፉም፤ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ አብሮ ይሂድ አሉ።

አሁን እታለም ሱቋን ከፍታለች። ጥቃቱ አልፎ አልፎ ይመጣባታል፤ ስታውቀው ግን አትሸሸውም።

ለምትሄዱ ሰዎች ጥቂት ልጨምር። ወረፋው ረጅም ነው፣ ክፍሉም ጠባብ ነው፤ በጠዋት ድረሱ። የቀድሞ ውጤቶቻችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ የሪፈር ወረቀት አስጽፉ። የደረት ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛችሁ፣ በተለይ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚዘልቅ ከሆነ ወይም ራስ ካሳታችሁ፣ ጭንቀት ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ በቅድሚያ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሕይወቱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ቤታችሁ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ውሰዱት። ወልድያም፣ ላሊበላም፣ ወረኢሉም ያላችሁ ደሴ ድረስ ከመምጣታችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ያለው ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዳለው ጠይቁ። እህቴን ማነጋገር የምትፈልጉ ሴቶች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃደኛ ናት፣ ከሥራ ስትመለስ ትደውልላችኋለች።