ዞቴሮ ለአንድ ሙሉ ቢሮ ይበቃል? ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ይበቃል። ዞቴሮ ማጣቀሻ፣ ማለትም በጽሑፍ የሚጠቀሱ መጻሕፍትንና ሰነዶችን፣ መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። በእኛ ቢሮ ጥናት ከሚሠሩት ጀምሮ ሪፖርት እስከሚያርሙት ድረስ ሁሉም ማጣቀሻውን የሚይዘው በዞቴሮ ነው። ወደ ድሮው እንመለስ የሚል ሰው አልሰማሁም። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። ዞቴሮ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ሁሉም ከዚያ የሚከፍተው ፋይል አይደለም። የጋራ ሥራው በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ይህ ከመጀመሪያው ካልታወቀ ቢሮው ቶሎ ይማረራል።

ድሮ የምንጠቀመው የሚከፈልበት ፕሮግራም ነበር። ላይብረሪው፣ ማለትም የማጣቀሻዎቹ ስብስብ፣ የጋራ ድራይቭ ላይ ነው። ጠዋት ቀድሞ የከፈተው ሰው ይጽፍበታል፤ ከሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ማንበብ ብቻ። ሥራ የቸኮለ ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ፋይሉን ወደ ራሱ ኮምፒውተር ገልብጦ ይሠራበታል፤ ሲመልሰው ስሙ ላይ "አዲሱ" የሚል ይጨምርበታል። ሌላውም እንደዚያው። ውሎ አድሮ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ላይሰንሱም (የመጠቀሚያ ፈቃዱ) ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። አዲስ ሰው ሲቀጠር ትርፍ የለም፤ ሰው ሲለቅ ደግሞ የሱ ላይሰንስ የት እንዳለ መፈለግ ነው።

ስለ ላይሰንስ ካነሳን አይቀር፣ ብዙ ቢሮ የሚሳሳትበትን ነገር ልናገር። ለምሳሌ የክላሪቬት ኩባንያ ንብረት የሆነው ኢንድኖት የተባለ የማጣቀሻ ፕሮግራም በግለሰብ ላይሰንሱ እስከ 3 ኮምፒውተር ላይ መጫን ይፈቅዳል። ይህ ማለት ግን 3 ሰው ይጠቀምበት ማለት አይደለም። አንዱ ሰው በቢሮው፣ በቤቱና በላፕቶፑ እንዲሠራበት ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ለሰውየው እንጂ ለኮምፒውተሮቹ አይደለም። ለብዙ ሰው ከተፈለገ ለብቻው የሚሸጥ የተቋም ላይሰንስ አለ። አንዱን ቁልፍ ለሦስት ባልደረባ ማካፈል ግን ውል ማፍረስ ነው፤ ቢሮው በኦዲት ጊዜ መልስ ያጣል።

ዞቴሮ እዚህ ላይ እፎይ ያሰኛል። በ2006 ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ክፍት ሶፍትዌር ነው። ፈቃዱ ኤጂፒኤል ይባላል። ቢሮው ነጋዴ ይሁን የምርምር ተቋም፣ በፈለገው ያህል ኮምፒውተር ላይ ይጭነዋል። ቁልፍ የለም፤ የላይሰንስ ሰርቨር የለም፤ በየዓመቱ የሚታደስ ውልም የለም። ኤጂፒኤል ግዴታ የሚጥለው ፕሮግራሙን ለሌሎች በሚያሰራጭ ወይም ኮዱን ቀይሮ በኔትወርክ አገልግሎት በሚሰጥበት ላይ ነው። እንዲሁ ለሚጠቀም ሰው ምንም አይጠይቅም። የአይቲ ክፍላችን ይህን ሲረዳ ጭነቱን በአንድ ቀን ጨረሰው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዞቴሮ መረጃውን የሚያስቀምጠው በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ ነው። ፋይሉ ኤስኪውላይት የሚባለው ዓይነት ዳታቤዝ ነው። ይህ ዳታቤዝ በኔትወርክ ድራይቭ ላይ ሁለት ሰው በአንዴ ሲጽፍበት ሊበላሽ ይችላል፤ ምክንያቱም የፋይል መቆለፊያው በኔትወርክ በኩል ሁልጊዜ በትክክል አይሠራም። እንደ ድሮፕቦክስና ዋንድራይቭ ባሉ የኢንተርኔት ማስቀመጫዎች ውስጥ ማድረግም ያው ነው። የዞቴሮ ሰዎች ራሳቸው አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ።

አንድ የተደበቀ ወጥመድ ደግሞ አለ። ዞቴሮ ሲጫን የዳታ ፎልደሩን የሚከፍተው በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ነው። በብዙ ቢሮ ግን አይቲዎች የሠራተኛውን የግል ፎልደር ወደ ሰርቨር ያዞሩታል። ያኔ ሠራተኛው ሳያውቀው ዳታቤዙ ኔትወርክ ላይ ነው ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ከሴቲንግ ውስጥ አድቫንስድ የሚለው ጋ ገብቶ የዳታ ፎልደሩን ቦታ ኮምፒውተሩ ላይ ወዳለ ድራይቭ መለወጥ። ማንም ሰው አንድ ማጣቀሻ እንኳ ሳያስገባ ይህን ቢያየው ጥሩ ነው።

ታዲያ መጋራቱ በምን ይሆናል? በግሩፕ ላይብረሪ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን አካውንት ይከፍታል፣ ቢሮው የግል ግሩፕ ይፈጥራል፣ ሁሉም ይገባበታል። አንዱ ያስገባው ማጣቀሻ ሲንክ ሲሆን (በኢንተርኔት ሲመሳሰል) ሌላው ጋ ይታያል። ቀድሞ የከፈተና ዘግይቶ የመጣ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም በራሱ ቅጂ ላይ ይጽፋል። ማን ማንበብ፣ ማን ማረም እንደሚችል በግሩፑ ሴቲንግ ይወሰናል። እኛ ጋ ማስገባት ለሁሉም ክፍት ነው፤ የማጽዳቱ ሥራ ግን የሰነድ ክፍሏ ባለሙያ ነው። ይህ አሠራር በጣም ሰርቶልናል።

ገንዘብ የሚጠይቀው የፋይል ማስቀመጫ ቦታው ነው። ማጣቀሻዎቹ ራሳቸው፣ ማለትም ርዕስ፣ ደራሲ፣ ዓመትና የመሳሰለው፣ ምንም ያህል ቢበዙ ነፃ ናቸው። ለሚያያዙት ፋይሎች ግን በነፃ የሚሰጠው ቦታ 300 ሜጋባይት ነው። ከዚያ በላይ 2 ጊጋባይት፣ 6 ጊጋባይት ወይም ገደብ የሌለው ቦታ በዓመታዊ ክፍያ ይገኛል። ስካን የተደረገ መጽሐፍ ብቻውን ብዙ ሜጋባይት ስለሚሆን 300ው ቶሎ ያልቃል። ደግሞ የግሩፕ ፋይል የሚቆጠረው ግሩፑን በፈጠረው ሰው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ግሩፑን ከሠራተኞች አንዱ በግል አካውንቱ ባይከፍተው ይሻላል። በቢሮው የጋራ ኢሜይል የተከፈተ አካውንት ባለቤት ይሁን። ሰው ይለቃል፣ ይዛወራል፤ ላይብረሪው ግን ከሱ ጋር መንከራተት የለበትም።

"የራሳችን ሰርቨር አለ፣ ፋይሎቹን እዚያ እናድርግ" የሚል አይቲ አይጠፋም። ዌብዳቭ የተባለው መንገድ ይህን ይፈቅዳል፤ ግን ለግል ላይብረሪ ብቻ። ለግሩፕ አይሠራም። ፋይሉን ሳያስገቡ ከድራይቭ ላይ ማገናኘትም በግሩፕ ውስጥ የለም። ይህ ዞቴሮ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ነው። ያደረግነው መላ፣ በነፃ የሚገኝ ጽሑፍ ከሆነ ሊንኩን ብቻ መያዝ፣ ሌላ ቦታ የማይገኘውን ብቻ ማያያዝ ነው። በክፍያ የሚገኙ ጽሑፎችን ማጋራት ደግሞ የሶፍትዌሩ ሳይሆን የአሳታሚው ፈቃድ ጉዳይ ነው። የሁለቱን ፈቃድ አለማምታታት ነው።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ወርድ ላይ ሲሠራ ነው። ሁለት ሰው አንድ ሪፖርት ሲጽፉ እያንዳንዳቸው ሳይቴሽን (በጽሑፉ መሃል የሚገባውን የምንጭ ጥቆማ) ያስገባሉ፣ የማጣቀሻ ዝርዝሩ ራሱ ይሠራል። ግን ሁለቱም ከግሩፑ ላይብረሪ ነው መጥቀስ ያለባቸው። አንዷ ከግሩፑ፣ ሌላው ከግል ላይብረሪው ከጠቀሰ ዞቴሮ ያንኑ መጽሐፍ ሁለት መጽሐፍ አድርጎ ይቆጥረዋል። በዝርዝሩ ላይ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ ዓመቱም 2019ሀ እና 2019ለ እንደማለት በፊደል ይለያል። ከግል ላይብረሪ ወደ ግሩፕ መጎተት ቅጂ ነው የሚፈጥረው፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ላይ የተደረገ እርማት ወደ ሌላው አያልፍም።

ድግግሞሽ ሲገኝም አንዱን መሰረዝ ሳይሆን ማዋሃድ ነው። ሁለቱ ሲዋሃዱ ቀድሞ በተጻፉት ሰነዶች ያለው ሳይቴሽን ግንኙነቱን አያጣም። ሰርዞ እንደገና ማስገባት ግን ያቋርጠዋል።

የደራሲ ስምም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደራሲው ተቋም ከሆነ፣ ወይም የቤተሰብ ስም የማይጠቀም ሰው ከሆነ፣ ስሙን በአንድ ሳጥን ማስገባት ያስፈልጋል። ከስሙ ጎን ያለችው ትንሽ ምልክት ሲነካ ሁለቱ ሳጥን አንድ ይሆናል። ያለዚያ የተቋሙ ስም መሃል ላይ ተቆርጦ ይገለበጣል።

ፒዲኤፍ ላይ ማስታወሻ መጻፍ ግሩም ነው። በግሩፕ ውስጥ ማን ምን እንዳሰመረ ስሙ ይታያል፤ የሌላውን ማስታወሻ ደግሞ ማንም አያርምም። አንድ ረጅም ሰነድ ለሦስት ተከፋፍለን ስናነብ ስብሰባው በግማሽ አጠረ።

ሲንክ ባክአፕ አይደለም። አንዱ የሰረዘው ከሁሉም ይሰረዛል። ከግሩፑ ቅርጫት መመለስ የሚቻለው ቅርጫቱ ባዶ እስካልተደረገ ብቻ ነው። ስለዚህ የዳታ ፎልደሩን ቅጂ ዞቴሮ በተዘጋበት ሰዓት ሰርቨሩ ላይ እናስቀምጣለን። የጋራ ድራይቩ ቦታው ለዚህ ነው።

ኢንተርኔት የማይገባበት ቢሮ ከሆነ ዞቴሮን አልመክርም፤ ግሩፑ ያለ ኢንተርኔት አይንቀሳቀስም። እንዲህ ላለው ጃብሬፍ የሚባለው ሌላ የማጣቀሻ ፕሮግራም ይሻላል። እሱም ነፃ ነው፣ በኤምአይቲ ፈቃድ የወጣ፤ ማጣቀሻዎቹን በቢሮው ሰርቨር ላይ ባለ ፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ መጋራት ይችላል። ወርድ ላይ ግን እንደ ዞቴሮ ምቹ አይደለም። ላቴክ የሚባለውን የሰነድ ማዘጋጃ ለሚጠቀሙ ቢሮዎች የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ይሆን ነበር።

ለእኛ የቀረው የቦታው ጉዳይ ነው። የቆዩ ስካኖችን ማስገባት ስንጀምር አሁን የምንከፍልበት 6 ጊጋባይት እንደማይበቃ ግልጽ ሆኗል፤ በሚቀጥለው በጀት ገደብ የሌለውን እንጠይቃለን።