የእርሳስ፣ የዚንክና የብር ናሙና ሳጥን፦ ለክፍል ይበቃል፣ ለመስክ አይበቃም

ጂኦሎጂ ስለማስተምር የማዕድን ናሙና ከየት እንደሚገዛ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ይህችን ባለ ስምንት ድንጋይ ሳጥን የእህቴ ልጅ ከጀርመን ይዛልኝ መጣች። 45 ዩሮ ነው የተገዛችው። ሴሚስተሩን ሙሉ ስላስተማርኩባት አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ጋሌናው፣ ማለትም የእርሳሱ ድንጋይ፣ ብቻውን ገንዘቧን ያወጣል። መዳፍ የማይሞላ ቁራጭ ነው፤ ተማሪ ሲቀበለው ግን እጁ ዝቅ ይላል። የእርሳስ ሰልፋይድ፣ ማለትም የእርሳስና የድኝ ውህድ፣ ስለሆነ ከውሃ ሰባት እጥፍ ተኩል ይከብዳል። ጫፉን በመዶሻ ቀስ አድርገው ሲነኩት ቀጥ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቅና ትንንሽ ኩብ ይሆናል። ታዲያ ከነኩት በኋላ እጅ መታጠብ ግድ ነው፤ ድንጋይ በምላስ የመቅመስ የሙያችን አመልም እዚህ ላይ ይቅር።

ስፋለራይቱ፣ ማለትም የዚንኩ ድንጋይ፣ ጥቁር ቡናማ ነው፤ በዓይን ብቻ ብዙዎች ይስቱታል። ባልተለበጠ ሸክላ ላይ ሲያሰምሩት ግን ዱቄቱ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። አንድ ጠብታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጣል ሲደረግበት ደግሞ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ከኋላ ወንበር ያንቀላፋው ሁሉ የነቃው ያኔ ነው!

«ብር» ተብሎ የተለጠፈበት ድንጋይ አናዶኛል። እሱም ጋሌና ነው። ሻጩን በኢሜይል ብንጠይቀው «ውስጡ ብር አለ» አለን። ሊኖር ይችላል፤ ብር ብዙ ጊዜ ጋሌናው ውስጥ፣ ወይም እንደ ቴትራሄድራይት ባሉ ደቃቅ ማዕድናት ውስጥ ተሸሽጎ ነው የሚገኘው። በቶን ስንት ግራም እንዳለ የሚናገረው ግን ላቦራቶሪ እንጂ ወረቀት አይደለም።

ዋናው ጉድለት ጎሳን (gossan) የሚባለው የዝገት ድንጋይ አለመኖሩ ነው። ገና ያልተቆፈረ ክምችት ጋሌናውን አንጸባርቆ ደጅ ላይ አይጠብቅም። ሰልፋይዱ አየርና ዝናብ ሲያገኘው አሲድ ይወጣዋል፤ ዚንኩ ታጥቦ ይሄዳል፣ እርሳሱ በቀላሉ ስለማይሟሟ አብዛኛው እዚያው ይቀራል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ቀይ ቡናማ፣ ቀዳዳ የበዛበት የብረት ዝገት ይጋገራል። ጎሳን የምንለው እሱን ነው። እርሳስ እምብዛም ባይኖራቸውም የእኛ አካባቢ የዚንክና የመዳብ ክምችቶች የሚታወቁት በዚሁ ነው፤ ትግራይ ውስጥ ሽሬ አካባቢ ያለው ተራኪምቲ አንዱ ነው። ኤርትራ ቢሻ ላይ ከላይ ወርቅና ብር የያዘ የበሰበሰ ድንጋይ፣ ከሥሩ መዳብ የተከማቸበት ንብርብር፣ ከዚያ በታች ዚንክና መዳብ ያለው ሰልፋይድ ነበር። የማዕድን ማውጫው እ.ኤ.አ. በ2011 በወርቅ ጀምሮ ወደ ዚንኩ የወረደው በ2016 ነው። ይህች ሳጥን የምታሳየው የታችኛውን ብቻ ነው፤ መስክ የወጣ ተማሪ ግን መጀመሪያ የሚረግጠው ዝገቱን ነው።

ለመምህር ግዙ እላለሁ፤ ለአሳሽ ግን አልመክርም። ስታስመጡ ጋሌናውን ለብቻው በጨርቅ አስጠቅልሉት። ለስላሳ ስለሆነ የእኔን ጋሌና ስፋለራይቱ መንገድ ላይ ጫጭሮታል።