ሚጡን ላተረፈችልኝ የእንስሳት ሐኪም ምስጋና (ድመት ላላችሁ የባሕር ዳር ሰዎች ጥቆማ)

እንደምን ዋላችሁ። ይህን ለመጻፍ ካሰብኩ ሰነባብቻለሁ። ሱቅ ስለምውል ጊዜ አጥቼ ነበር፤ ዛሬ ዝናቡ ገበያተኛውን ስላስቀረው ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ማመስገን የምፈልገው አንዲት የእንስሳት ሐኪምን ነው። በእድሜ ልጄ ትሆናለች። ስሜን በአደባባይ አትጥሪው ስላለችኝ "ዶክተር" እያልኩ ነው የምጽፈው። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች።

ሽምብጥ አካባቢ ትንሽ የእህል ሱቅ አለኝ። እህል ባለበት አይጥ አይጠፋም፣ ስለዚህ ድመት ለእኛ የግድ ነው። ውሮ የምንላት ድመታችን አብራን ከኖረች አምስት ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አራት ወልዳ ነበር። ሁለት ወር ሊሞላቸው ሲል አንዱን አስመለሰው፣ በማግስቱ ሁለተኛውን፣ ከዚያ የቀሩትን፣ በአምስት ቀን ውስጥ አራቱም አለቁ። እስከዛሬ ከዓይኔ የማይጠፋ ነገር አለ። ውኃ ጠምቷቸው ወደ ሳህኑ ይሄዱና አንገታቸውን ውኃው ላይ ደፍተው ይቀራሉ። አይጠጡም፣ አይነሱም። ያኔ ይዣቸው የሄድኩበት ቦታ "ለድመት ብለው ይህን ያህል ምን ይደክማሉ፣ ነገ ሌላ ትወልዳለች" ብለው ነው የመለሱኝ። የልጅ ልጄ አምስት ዓመቷ ነበር፣ ስታለቅስ አደረች።

ዘንድሮ ጥር 29 ውሮ ሦስት ስትወልድ ደስታውም ፍርሃቱም አንድ ላይ መጣብኝ። ስም ያወጣችላቸው የልጅ ልጄ ናት፦ ቡሬ፣ ዳለቻ እና ሚጡ። ሚጡ ከሁሉም ታንሳለች፣ መዳፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። አንዲት ደንበኛዬ ናት የዶክተርን ስልክ የሰጠችኝ።

ስደውልላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ስንት ሳምንታቸው ነው እትዬ?" ብላ ነው። አምስት ስላት ለክትባቱ ስምንት ሳምንት እስኪሞላቸው እንጠብቅ፣ እስከዚያ የትል መድኃኒት ልስጣቸው አለችኝ። ስለሞቱት አራቱ ነገርኳት። በስልክ ይህ ነው ብዬ መናገር አልችልም፣ ግን የሚነግሩኝ ምልክት ሐኪሞች ፓንሉኮፔኒያ የሚሉትን የድመት በሽታ ይመስላል አለች። ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ነገር ግን ቫይረሱ ቤት ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሁለት ዓመት ቢያልፍም ለጥንቃቄ ብላ ወለሉንና ሳህኑን በበረኪና አሳጠበችኝ። ክትባቱ ይህንን በሽታና ሁለት የጉንፋን ዓይነት በሽታዎችን አንድ ላይ የሚከላከል ነው።

አንዴ መወጋት አይበቃም ወይ? ብዬ ጠይቄያት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ገንዘቡም አሳስቦኝ። እንዲህ አስረዳችኝ፦ ልጆቹ ከእናታቸው ወተት ያገኙት መከላከያ ደማቸው ውስጥ እስካለ ድረስ ክትባቱን ያከሽፈዋል። ያ መከላከያ ደግሞ ለአንዱ ቶሎ ያልቃል፣ ለሌላው ይቆያል፣ መቼ እንዳለቀ በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት እየቆየ 16 ሳምንት እስኪሞላቸው ይደጋገማል። እንዲህ አድርጎ የሚያስረዳኝ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው።

መጋቢት 25 ጠዋት ሦስቱንም ቅርጫት ውስጥ የተኙበትን ጨርቅ አንጥፌ፣ ነጠላ ሸፍኜ በባጃጅ ወሰድኳቸው። ጠዋት ይምጡ ያለችኝ እሷ ናት፣ ቀን ሙሉ እንድከታተላቸው። የክትባቱን ፍሪጅ ስትከፍት ውስጡ ቴርሞሜትር አለ። 5 ይላል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልሆነ አልሰጥም፣ መብራት ጠፍቶ ሙቀቱ ካለፈ እጥለዋለሁ አለችኝ። እኛ ከተማ መብራት እንዴት እንደሚሄድና እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፣ ይህን ጥያቄ የትም ብትሄዱ ጠይቁ። እያንዳንዳቸውን መዘነች፣ ሙቀታቸውን ለካች፣ ድዳቸውን አየች። የታመመ ካለ ዛሬ አይወጋም አለች። ከዚያ ቀኝ የፊት እግራቸው ላይ ወጋቻቸው። ማጅራታቸው ላይ መስሎኝ ነበር። ቦታውን በካርድ ላይ ትጽፋለች፣ በኋላ እብጠት ቢመጣ ከየትኛው ክትባት እንደሆነ ይታወቃል።

ልሂድ ብዬ ስነሳ "ግማሽ ሰዓት እዚሁ ይቀመጡ" አለችኝ። ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁት፣ ቅር አለኝ። ግን ተቀመጥኩ። ይህቺን ግማሽ ሰዓት ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ቤት ስንደርስ ሦስቱም ተኙ። የወትሮው እንቅልፍ አይደለም። ሌላ ጊዜ የሱቁን በር ስከፍት እግሬ ስር የሚተራመሱት ልጆች ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ቡሬ ቀቅዬ እሾሁን የለቀምኩለትን ቀረሶ አሳ አሽትቶ ጥሎት ሄደ። ዳለቻ የተወጋበትን እግር እያነከሰ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመልሶ ይተኛል። ሚጡ ከጤፉ ጆንያ ኋላ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኮራመተች። እነዚያ አራቱ ትዝ አሉኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ።

ጎረቤት ሁሉ መፍትሔ አመጣ። አንዷ የተወጋበትን ቅቤ ቀብተሽ እሺው አለች፣ ሌላዋ ወተት አፍልቼ ላምጣ አለች፣ አማቼ ደግሞ ለሚጡ ፓራሲታሞል ሩብ ፍሬ ብንሰጣት ትኩሳቷ ይበርዳል አለ። ሁሉም በቀና ልብ ነው ያሉት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ለዶክተር ደወልኩ፣ በሁለተኛው ጥሪ አነሳች።

"ፓራሲታሞል ሰጥተዋታል?" ነበር የመጀመሪያ ጥያቄዋ። አልሰጠሁም ስላት እፎይ ስትል ሰማኋት። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን አጣርቶ ማስወጣት አይችልም፣ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ አንድ ፍሬ ትልቅ ድመት ሊገድል ይችላል። የሰው የሕመም ማስታገሻ የሚባል ነገር ለድመት አትስጡ። ይህን አንብባችሁ ሌላውን ብትረሱ አይከፋኝም።

ከዚያ በስልክ እየመራች አስመረመረችኝ። "ከንፈሯን ገለብ አድርገው ድዷን ይዩልኝ።" ሮዝ ነው። "ፊቷ አብጧል?" አላበጠም። "ደረቷ ከፍ ሲል አንድ እያሉ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቁጠሩልኝ።" በስልኬ መብራት ጆንያው ኋላ አጎንብሼ ቆጠርኩ፣ የልጅ ልጄ ሰዓቱን ያዘችልኝ። 28 ሆነ። የሚያስፈራ አይደለም አለች። አሁን ሰውነቷ ክትባቱን እየተማረ ነው፣ እንቅልፍ፣ ትንሽ ትኩሳት፣ ምግብ መቀነስ፣ የተወጋችበት ቦታ ሲነካ ማመም፣ ይህ ሁሉ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው። አታሻሿት፣ አትጠቧት፣ ልጅም አይቀስቅሳት። ሙቅ ቦታ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ስትነሳ ትንሽ የአሳ መረቅ፣ ጨውና ሽንኩርት የሌለበት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ እንደሆነ ያኔ ነው የሰማሁት። የላም ወተትም ሆዳቸውን ያስቀምጣቸዋል እንጂ አይጠቅማቸውም።

በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ራሷ ደወለች። እኔ ሳልደውል። "ሚጡ እንዴት አደረች?" ስሟን ይዛዋለች።

ሚጡ ወጥታ መረቋን እየላሰች ነበር። ቡሬ እስከ ማታ ቆይቶ በላ። ዳለቻ በሁለተኛው ቀን መደርደሪያው ላይ ወጥቶ የተሰቀለውን አሳ ሲጎትት ያዝኩት፣ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ብዬ በደስታ ሳቅሁ። ቡሬ የተወጋበት ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ጠጠር ወጣችበት። እሷንም ዶክተር ቀድማ ነግራኝ ስለነበር አልደነገጥኩም፣ በሦስት ሳምንት ጠፋች። ከተወጋ ወር ካለፈው በኋላ እያደገ ከሄደ፣ ከ2 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ወይ ሦስት ወር ሙሉ ካልጠፋ ግን ተመልሶ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ግማሽ ሰዓቷ ልመለስ። ሚያዝያ 23 ለሁለተኛው ክትባት ሄድን። ተወጉ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ሚጡ ፊቷን በእጇ መፈግፈግ ጀመረች። ነጠላውን ገለጥ ሳደርግ ዓይኗ ጠቧል፣ ከንፈሯ ንብ የነደፋት ይመስል አብጧል፣ ወዲያው አስመለሳት። ጮህኩ መሰለኝ። ዶክተር የያዘችውን ውሻ ለረዳቷ ሰጥታ መጣች። አንድም ቃል ሳትናገር መርፌ ሞላች፣ ወጋቻት፣ ደረቷ ላይ ማዳመጫውን አድርጋ ቆመች። እኔ የዶክተርን እጅ ነው ያየሁት። አልተንቀጠቀጠም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚያው አቆየቻት፣ እብጠቱ ቀስ በቀስ ሲወርድ ሁለታችንም አየን። ያን ቀን ሱቄ ይብሳል ብዬ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ባጃጅ ውስጥ ነበር የሚይዛት። ለዚያ መርፌ ሂሳብ ጠይቄያት አልተቀበለችኝም።

እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ እሷም ያለችኝ ይህንኑ ነው። ግን ከገጠመ በደቂቃዎች ወይ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ፊት ማበጥ፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ሰውነት ማሳከክ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ ድድ መንጣት፣ መውደቅ፣ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ "ይተኛና ይሻለዋል" አትበሉ፣ ያኔውኑ ይዛችሁ ሩጡ። ቤት ሆነን የምንጠብቀው ያን የመጀመሪያውን ዓይነት፣ እንቅልፉንና ትንሹን ትኩሳት ነው፣ እሱም ከሁለት ቀን ካለፈ ይደወላል።

በሚጡ ካርድ ላይ የሆነውን በቀይ ጻፈችበት። የእብድ ውሻ ክትባቷን ያን ቀን ልትሰጣት ነበር፣ ለሌላ ቀን አዛወረችው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ላለመደራረብ። ግንቦት 21 የሦስተኛው ክትባት ቀን ደግሞ አስቀድማ መድኃኒት ሰጥታት አንድ ሰዓት አስቀመጠችን። ምንም አልሆነችም፣ ተኝታ ዋለች፣ በማግስቱ ተነሳች።

የእብድ ውሻ በሽታን ነገር ችላ አትበሉ። ስሙ ውሻ ቢልም በድመትም ይተላለፋል። ድመት ወይ ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውኃ 15 ደቂቃ ታጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ዶክተር ይህንን ለልጅ ልጄ ጎንበስ ብላ ነው የነገረቻት፣ እንደ ትልቅ ሰው።

ስለ አሠራሯ ለምትጠይቁኝ፦ ዋጋውን ከመጀመሯ በፊት ትናገራለች። ቤት ድረስም ትመጣለች። ከሰዓት በኋላ ለከብት ሕክምና ወደ ገጠር ስለምትወጣ ስልኳ ላይሠራ ይችላል፣ ስለዚህ ጠዋት ደውሉ። የምትሄዱ ደግሞ ግማሽ ሰዓቷን ቁጭ በሉ፣ እባካችሁ።

ዶክተርዬ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅሽን ይባርከው። ቡሬ ባለፈው እሁድ በጀልባ ዘጌ ሄዷል፣ እህቴ ዘንድ። ካርዱን በፌስታል ጠቅልዬ ቅርጫቱ ላይ አስሬዋለሁ፣ በዓመቱ የሚደገምበትን ቀን የጻፍሽበት ገጽ ወደ ላይ ሆኖ።