ታይሰንስ ተከራይተን አንድ ዓመት፦ ቤቱም ሰፈሩም እንዴት ነው?

ቨርጂኒያ ታይሰንስ ቤት ከተከራየን አንድ ዓመት ሞላን። «እንዴት ነው? እንግባ ወይ?» እያለ የሚደውል ሰው በዝቷል። ለሁሉም እዚህ ልመልስ።

ስድስት ዓመት የኖርኩት አሌክሳንድሪያ ነው። ሥራዬ ግን ታይሰንስ፣ የቢሮ ሕንፃ ፓርኪንግ ውስጥ። መኪናዋን ባለቤቴ ስለምትይዛት እኔ ሩት 7 በሚባለው ትልቅ መንገድ በሚሄደው አውቶቡስ ነበር የምመላለሰው። ደህና በሆነ ቀን አንድ ሰዓት ከምናምን ይፈጃል። በረዶ ከጣለማ ተዉት። ስወጣ ልጄ ተኝታለች፤ ስገባም ተኝታለች።

እንደኔ ዓይነቱ ብዙ ነው። ታይሰንስን የሚያስተዳድረው ፌርፋክስ ካውንቲ በ2010 የታይሰንስን አዲስ ፕላን ሲያጸድቅ ሰፈሩ ከ100,000 በላይ የሥራ ቦታ ነበረው። ነዋሪው ግን 17,000 ገደማ። ጠዋት ይጎርፋል፣ ማታ ጭር ይላል። ፕላኑ እስከ 2050 ነዋሪውን 100,000፣ ሥራውን 200,000 ላድርስ ብሎ ተነሳ። ከአዲሱ ግንባታ ሦስት አራተኛው ከባቡር ጣቢያ ግማሽ ማይል ሳይርቅ እንዲሠራም ወሰነ። ሲልቨር ላይን የሚባለው የሜትሮ ባቡር ደግሞ በ2014 ገባ፤ ታይሰንስ ውስጥ ብቻ አራት ጣቢያ አለው።

ለእኛ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ፕላኑ በ2010 ሲጸድቅ ከአዲስ መኖሪያ ቤት 20 በመቶው መካከለኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። በምትኩ አልሚው ተጨማሪ ቤት እንዲሠራ ይፈቀድለታል። እኔም የገባሁት በዚህ መንገድ ነው። የደመወዝ ወረቀት፣ የታክስ ወረቀት፣ ከዚያ መጠበቅ። ሰባት ወር ፈጀብኝ። አሁን ከሥራ ቤት በእግሬ 12 ደቂቃ ነው። እራት ከልጄ ጋር እበላለሁ። ለዚህ ብቻ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ብርሃን አለው። ከሳሎን ባቡሩ ሲያልፍ ይታያል፤ ልጄ እያንዳንዱን ትቆጥራለች። የኩሽናው ፋን ግን ጭሱን ወደ ውጭ አያወጣም፤ እዚያው ያዞረዋል። ዛሬ የሠራነው ቁሌት ነገም ይሸታል። ቡና ስንቆላ መስኮት ከፍተንም ጭስ ጠቋሚው ይጮኻል። አስተዳደሩም ቀርፋፋ ነው። ክረምት ላይ ሊፍቶቹ ሁለት ቀን ሙሉ ቆሙ። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ነበር፤ ጉልበቷን ያማታል። ሁለቱንም ቀን ከቤት አልወጣችም። ኢሜይል ብልክ የመጣልኝ «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል ብቻ ነው።

የሚያንገበግበኝ ግን መንገዱ ነው። እናቴን ይዤ ሩት 7ን በመብራት ልሻገር ወጣሁ። መሃል ላይ ስንደርስ መብራቱ ላይ የሚቆጥረው የመሻገሪያ ሰዓት አለቀ። በወዲህ መኪና፣ በወዲያ መኪና። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፍ ነፋሱ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈው። ክንዴን ጨምቃ ይዛ ምንም አላለችም። ተሻግረን ስናበቃ የምትቀመጥበት ፈለገች። አንድ አግዳሚ ወንበር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በባቡር ጣቢያው ድልድይ ነው የምንሻገረው። ከሁለቱም የመንገዱ ዳር መግቢያ አለው፤ ለመሻገር ብቻ አይከፈልም። ጣቢያው ሲዘጋ ግን ያው መንገዱ ነው።

ችግሩ የእግረኛ መንገዱ በየቦታው እየተቆራረጠ መሆኑ ነው። አዲስ ሕንፃ የቆመበት ጋ ሰፊ ነው፣ ዛፍ አለው። ቀጥሎ ያለው አሮጌ የመኪና መሸጫ ገና ስላልተነካ ድንገት ይጠብባል። ያ ቦታ እስኪለማ መጠበቅ ነው። ይሄ ትክክል አይመስለኝም። ሰው አሁን ገብቶ እየኖረ ነው፤ መሻገሪያውና ወንበሩ አልሚ መጠበቅ የለበትም። ካውንቲው ለሕዝብ አስተያየት ሲጠራ ሄጄ ይህንኑ ተናግሬአለሁ። እናንተም ሂዱ፤ ፓርኪንግና ሆቴል የሚሠራው የእኛ ሰው እዚያ ብዙም አይታይም።

ሱቅ በተመለከተ፣ ከሕንፃችን ሥር ያለው ባዶ ነው፣ መስታወቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። እንጀራና በርበሬ ለመግዛት እሁድ እሁድ ቤይሊስ ክሮስሮድስ እሄዳለሁ። በዚያው በድሮው አውቶቡስ።

ከ5 ኮከብ 4። ውሉን ለአንድ ዓመት አድሰናል። ልትገቡ ያሰባችሁ ወረቀታችሁን ዛሬውኑ አዘጋጁ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ፓርኪንግ በኪራዩ ውስጥ ይሁን አይሁን ጠይቁ፤ እኛ ለብቻው ነው የምንከፍለው።