ርካሽ የብስክሌት መብራት በእንጦጦ ጫካ፦ የ11 ወራት ተሞክሮ

በሳምንት ሁለት ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን በብስክሌት ወደ እንጦጦ የምንወጣ ሦስት ጓደኛሞች ነን። እንጦጦ ማርያምን አለፍ ብለን ከአስፋልቱ እንወጣና በባሕር ዛፉ መካከል በሚያልፉት ጠባብ የእግር መንገዶች ላይ ጎሕ እስኪቀድ እንነዳለን፤ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሁላችንም ሥራ ገበታችን ላይ መገኘት ስላለብን ለዚህ ነገር ከሌሊቱ የተሻለ ጊዜ የለንም። በአዲስ አበባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ስለማትወጣ፣ በበጋም ሆነ በክረምት ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል የምንነዳው በድቅድቅ ጨለማ ነው።

ይህ ግምገማ ካለፈው መስከረም እስከ ነሐሴ በእጄ ስለቆዩ ሁለት መብራቶች ነው። አንዱ መርካቶ በ3,800 ብር የገዛሁት፣ መሪው ላይ የሚታሰርና ኃይሉን በሽቦ ከተለየ ጥቅል የሚያገኝ መብራት ነው። ሌላው ዘመዴ ከዱባይ ያመጣችልኝና ሄልሜቴ ላይ ያሰርኩት፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይወፍር የእጅ ባትሪ ነው። የመጀመሪያው በየሱቁ የተለያየ ስም እየተለጠፈበት የሚሸጥ ስለሆነ ስሙን ብጠቅስ ለገዢ የሚጠቅም ነገር የለውም። በነገራችን ላይ እኛ ባትሪ የምንለው መብራቱን፣ ድንጋይ የምንለው ደግሞ ኃይል ሰጪውን ነው፤ በዚህ ጽሑፍም በዚሁ ልማድ እቀጥላለሁ።

የመሪው መብራት ካርቶን ላይ 5,000 ሉመን ተብሎ ተጽፏል፤ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ውስጡ ያለው ግን አንድ ኤልኢዲ ብቻ ሲሆን ሻጩ በኩራት «ቲ6 ነው» ብሎኛል። ቲ6 የኤልኢዲ ሞዴል አይደለም፤ ክሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውን ኤክስኤም-ኤል የተባለ ኤልኢዲ በብርሃኑ መጠን ሲመድብ ለአንዱ ደረጃ የሰጠው መለያ ነው። ያ ኤልኢዲ እውነተኛው ቢሆን እንኳ 3 አምፔር ሲሰጠው የሚያወጣው ብርሃን ወደ 1,000 ሉመን ገደማ ነው። የቀረው 4,000 ካርቶኑ ላይ ብቻ የሚያበራ ነው። ይህን ስል መብራቱን ለማጣጣል አይደለም፤ 800 እና 900 ሉመን ለእግር መንገድ ከበቂ በላይ መሆኑን በእነዚህ ወራት አረጋግጫለሁ። ብርሃን ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር በአራት እጥፍ ስለሚሳሳ፣ ሁለት እጥፍ አርቆ በዚያው ልክ ለማሳየት አራት እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሉመን እያሳደዱ ገንዘብ መጨመር ቶሎ ትርጉም የሚያጣ ነገር ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የነዳሁት በመሪው መብራት ብቻ ነበር። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እንከን አላገኘሁበትም። መንገዱ ሲጠመዘዝ ግን መብራቱ የሚያሳየው መሪው የዞረበትን እንጂ እኔ ማየት የምፈልገውን ስላልሆነ፣ ብርሃኑ ፊት ለፊቴ ያሉትን ግንዶች ሲያደምቅ የምገባበት ኩርባ ግን በግራዬ በኩል ጨለማ ውስጥ ይቀራል። የእጅ ባትሪው ሲመጣልኝ «እንግዲህ ተገላገልኩ» ብዬ አንድ ሌሊት የመሪውን መብራት ቤት ትቼ በሄልሜቱ ብቻ ወጣሁ። ያን ሌሊት ጉልበት የሚደርስ ቦረቦር ውስጥ ከነብስክሌቴ ገባሁ።

ቦረቦሩን ሳላየው ቀርቼ አልነበረም፤ አይቼዋለሁ፣ ነገር ግን ሜዳ መስሎኝ ነበር። መብራቱ ከዓይን አጠገብ ሲሆን የእያንዳንዱ ነገር ጥላ ከራሱ ከነገሩ ኋላ ስለሚደበቅ ጉድጓዱም፣ ድንጋዩም፣ የወደቀው የባሕር ዛፍ ልጣጭም አንድ ዓይነት ጠፍጣፋ ምስል ይሆናሉ። መሪው ላይ ያለው መብራት ከዓይን ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል የጠጠሩን ጥላ እንኳ ወደ ኋላ ያስረዝመዋል፤ ጥልቀቱን የሚነግረን ያ ጥላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን አብሬ ነው የማበራው። የመሪው ሰፋ ብሎ ከፊት ጎማው ጀምሮ ያለውን መሬት ያሳያል፤ የሄልሜቱ ጠበብ ብሎ የማየውን ይከተላል። ከእኛ አንዱ ከሁለቱም መብራቶቼ ድምር በሚበልጥ ዋጋ የገዛው፣ ባለሦስት ዓይን፣ እንደ ፓውዛ የሚያጥለቀልቅ መብራት አለው፤ ኩርባ ላይ ግን ዛሬም ከእኔ ኋላ ነው የሚመጣው።

ስለ ድንጋዩ ጉዳይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ርካሽ መብራት የሚበላሸው በአብዛኛው ከዚያ ነው። የድንጋዮቹ ጥቅል ላይ 18,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ይላል፤ ይህ ድንጋይ የሚይዘው ኃይል የሚለካበት ነው። በውስጡ ያሉት 18650 የሚባሉ አራት ድንጋዮች ናቸው፤ ቁጥሩ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው። በዚህ መጠን ከሚሠሩት ውስጥ ምርጦቹ የሚይዙት 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ በመሆኑ አራቱ ተደምረው እንኳ 14,000 ቢደርሱ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ውሸት መሆኑን ጥቅሉን ሳይከፍቱ ማወቅ ይቻላል። መብራቱን በሙሉ ኃይሉ መስኮት ላይ አስቀምጬ በሰዓት ስለካው 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ቆየ፤ ካርቶኑ ቃል የገባልኝ 5 ሰዓት ነበር።

ከዚህ የከፋው ቻርጀሩ ነው። በእንዲህ ዓይነት ጥቅል ውስጥ ድንጋዮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚቀጠሉ ቻርጀሩ ከ8.4 ቮልት ማለፍ የለበትም፤ ይህም ለእያንዳንዱ ድንጋይ 4.2 ቮልት ይሆናል። በቴስተር ስለካው 8.7 አነበብኩ። ሊቲየም ድንጋይ ከልኩ በላይ ሲሞላ ዕድሜው ከማጠሩ ባሻገር እሳት የማስነሣት አደጋ አለው፤ እኔ ደግሞ ለሁለት ወር ያህል ማታ ሰክቼው እተኛ ነበር፣ ያውም አልጋዬ ሥር። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ይሞላልኝ ብዬ ነበር እንዲያ ያደረግሁት። ቻርጀሩን ወደ ሻጩ ስመልሰው «ሁሉም እንደዚያው ነው» ብሎ ሌላ ሰጠኝ፤ ሌላውም 8.6 ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛውን ከሌላ ሱቅ ለብቻው ገዛሁ፣ እሱ ትክክል ነው። ቴስተር የሌለው ሰው ማንኛውንም የስልክ ጠጋኝ ቢጠይቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

በኅዳር መጨረሻ የላፕቶፕ ድንጋይ የሚያድስ ባለሙያ ዘንድ ሄጄ ጥቅሉን አስከፈትኩት። አራቱም ድንጋዮች ክብደታቸው ለእጅ እንኳ የሚታወቅ ቀላል ነበሩ፤ ደህናው 18650 ከ45 ግራም በላይ የሚመዝን ሲሆን እነዚህ ከ35 አላለፉም። በ2,600 ሚሊአምፔር ሰዓት አራት አዳዲስ ድንጋዮች ተተኩ፤ የእጅ ዋጋን ጨምሮ 2,400 ብር ከፈልኩ። መብራቱ አሁን በሙሉ ኃይሉ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይቆያል። ይህን ሥራ ቤት ውስጥ መሞከር አልመክርም፤ ድንጋዩን በቀጥታ በሙቀት መበየድ ይጎዳዋል፣ ከምናለሽ ተራ የተለቃቀሙ አሮጌዎችን ከአዲስ ጋር መቀላቀልም ደካማው ከጠንካራው ጋር እኩል እንዲሠራ ማስገደድ ነው። ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ካለ ደግሞ ትርፍ ሊቲየም ድንጋይ በአውሮፕላን ሻንጣ ማቆያ ውስጥ መጫን ስለማይፈቀድ መንገደኛው በእጅ በሚያዝ ቦርሳው እንዲያደርገው አስቀድሞ ይንገረው። የእኔ ዘመድ ይህን ባለማወቋ አንዱን ድንጋይ አየር ማረፊያ ትታው መጥታለች።

መሪው ላይ የሚያስረው የጎማ ቀለበት ደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን መብራቱ ቀስ በቀስ አንገቱን እየደፋ ሄዶ በመጨረሻ የፊት ጎማዬን ብቻ ያሳየኛል። መፍትሔው ከአሮጌ ካላማዳሪያ ጣት የሚያህል ቁራጭ ቆርጦ መሪውን ሁለት ዙር መጠቅለልና ቀለበቱን ከዚያ በላይ ማሰር ሆነ። በሄልሜቱም ላይ የእጅ ባትሪውን የያዘው ያው ካላማዳሪያ ነው፤ 11 ወር ሙሉ አልተነቃነቀም።

ስለ ማብሪያው ቁልፍ ቅሬታዬ ትልቅ ነው። ያለው አንድ ቁልፍ ሲሆን በተጫኑት ቁጥር ከፍተኛ፣ ዝቅተኛ፣ ከዚያም ብልጭ ድርግም ይላል። ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ለመመለስ የግድ በብልጭ ድርግሙ ማለፍ ያስፈልጋል። ቁልቁለት እየወረድሁ በጓንት ስጫነው መንገዱ እንደተቀደደ ፎቶግራፍ በቁርጥራጭ ይታየኝና ፍሬን ይዤ እስክቆም ድረስ ልቤ ይንጠለጠላል። የእጅ ባትሪው በዚህ ረገድ ብልህ ነው፤ ብልጭ ድርግሙን ደብቆ ሦስት ደረጃ ብቻ ያሳያል። ሙቀቱ ሲጨምርም ራሱን ዝቅ ያደርጋል። የመሪው መብራት ይህን አያውቅም፤ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ዕቃ ስለሆነ፣ ጎማ ለመለጠፍ ቆመን ዝቅ ማድረጉን ከረሳሁ በሁለትና ሦስት ደቂቃ ውስጥ እጅ አያስነካም።

ደረጃ የመቀያየሩ ነገር ዋናው ምክንያት ሰው ነው። ጎሕ ሊቀድ ሲል እንጨት ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ እናቶችን፣ ከፍታው ላይ ልምምድ የሚያደርጉ ሯጮችን፣ ነጠላ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ምእመናንን እናገኛለን። ሯጩ ዓይኑን በክንዱ ይከልላል፤ እንጨት የተሸከመች ሴት ግን ሁለት እጇ የሸክሙን ገመድ ስለያዘ መከለያ የላትም። አንዷ እናት ቆመው «ልጄ፣ እሱን ነገር ወደ መሬት አድርግልኝ፤ እኔ መንገዱን ያለ መብራትም አውቀዋለሁ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ሲመጣ አንገቴን ደፍቼ የሄልሜቱን አጠፋለሁ። ለጅብ ግን እንደበራ እተወዋለሁ፤ ዓይኑ ከሩቅ ሲያበራ ማየቱ ከሦስታችን አንዳችንም ቀድመን እንዳንነዳ ይረዳል።

ክረምቱ ሌላ ትምህርት ይዞ መጣ። በሐምሌ ጉሙ ከጫካው ላይ ሲወርድ የሄልሜቱ መብራት ፊቴ ላይ ጋቢ የተጋረደ ያህል ነጭ ግድግዳ ሠራብኝ፣ ብርሃኑ ከጉሙ ጠብታዎች ተመልሶ በቀጥታ ወደ ዓይኔ ስለሚመጣ። እሱን አጥፍቶ የመሪውን ዝቅ ማድረግ እንጂ ኃይል መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል። የቀለሙም ጉዳይ የታወቀኝ ያን ጊዜ ነው፦ የመሪው ብርሃን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ስለሆነ እርጥቡንም ደረቁንም አፈር አመድ ያስመስለዋል፤ የእጅ ባትሪው ትንሽ ወደ ቢጫ የሚያደላ በመሆኑ ማጡን ከመግባቴ በፊት አይቼ አልፈዋለሁ። ሁለቱ በአንድ ዋጋ ቢቀርቡልኝ ዛሬ ቢጫማውን እመርጣለሁ፣ ሉመኑ ቢያንስም።

ሦስተኛው ጓደኛችን በጀርመን የመንገድ ደንብ መሠረት የተሠራ መብራት ተልኮለታል። ብርሃኑ እንደ መኪና መብራት ከላይ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፤ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ስለማያሳውር ለአስፋልት ከእሱ የተሻለ አላየሁም። ጫካ ውስጥ ግን ከደረት በላይ ያለውን ሁሉ ጨለማ ውስጥ ስለሚተወው ጓደኛችን አንድ ያዘነበለ ቅርንጫፍ በግንባሩ አግኝቷል። ሄልሜቱ አዳነው።

እስካሁን ያወጣሁት መብራቱ 3,800፣ እድሳቱ 2,400፣ ትክክለኛው ቻርጀር 600፣ የእጅ ባትሪው ከነድንጋዩ 3,200፣ በድምሩ 10,000 ብር ነው። ዛሬ እንደ አዲስ ብጀምር ባለጥቅሉን መብራት አልገዛም ነበር። ሁለት ተመሳሳይ የእጅ ባትሪዎችን ገዝቼ፣ አንዱን መሪ ላይ አንዱን ሄልሜት ላይ በካላማዳሪያ አስሬ፣ አራት ደህና ድንጋዮች ብይዝ በ7,500 ብር አካባቢ እጨርስ ነበር፤ አንዱ ሲበላሽም በሌላው ቤቴ እገባለሁ። ለአስፋልቱ የሚሆን ትንሽ ቀይ የኋላ መብራት በዚህ ላይ ይጨመራል፣ እሱ ከየትም ቢገዛ ግድ የለውም።

ካርቶኑ ላይ ውሃ አያስገባም የሚለው የመሪው መብራት የሐምሌን ዝናብ ችሎ አልፏል፤ ያልቻለው የሽቦው መጋጠሚያ ነው። ባለፈው ሳምንት ቁልቁለት ላይ በየጉድጓዱ ይጠፋና ይበራ ጀመር፤ ስፈታው የብረቱ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ይዞ አገኘሁት። በጥርስ ብሩሽ ጠርጌ ቫዝሊን ቀብቼዋለሁ፣ ሁለት ሌሊት ሠርቷል። ለማንኛውም ትርፍ ድንጋይ ለእጅ ባትሪው ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የምወጣው።