ማስጠንቀቂያ፦ ሻጭ በቀጠረላችሁ ሰዓት ብቻ ባያችሁት ቤት ላይ ቀብድ አትክፈሉ

አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጥ ቤት በማፈላለግ ላይ ላላችሁ ሁሉ ይህን የምጽፈው፣ እኔና ባለቤቴ ባለፈው ጥር ወር በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል አንድ ጂ ፕላስ ዋን ቤት አይተን፣ ወደነው፣ 300 ሺህ ብር ቀብድ ከከፈልን በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ግዢውን ለመተው ስለተገደድን ነው። ነገሩ በሽማግሌ ስላለቀ የሻጩንም ሆነ የደላላውን ስም አላነሳም። ቤቱ ለእኛ እንዴት ተዘጋጅቶ እንደቀረበ ግን መናገር ይገባኛል።

ቤቱን ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ሦስት ጊዜ አይተነዋል። ሦስቱም ጊዜ ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱም ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር፤ ደላላው «ባለቤቶቹ ሥራ ስለሚውሉ ሌላ ቀን አይመቻቸውም» ሲለን ምክንያቱ አሳማኝ ስለመሰለን አልጠረጠርንም። ባለቤቴ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ስትከፍት ውሃው በኃይል ወረደ፤ ላይኛው ፎቅ ያለው መታጠቢያ ቤትም እንዲሁ። ቀብዱን ከከፈልን በኋላ አንድ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ለማንም ሳንናገር ወደ ሰፈሩ ሄድንና ከበሩ ፊት ለፊት ካለች ሱቅ ለስላሳ እየጠጣን ባለሱቁን ስለ ውሃው ጠየቅነው። «ውሃ እዚህ የሚመጣው በሳምንት አንዴ፣ ያውም ሌሊት ነው» ካለን በኋላ፣ ምንም ክፋት ሳያስብ «እነሱ ግን ሰሞኑን ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ በቦቴ ያስገለብጣሉ» ብሎ ጨመረልን። ለካስ ሲወርድ ያየነው ውሃ ለእኛ ተብሎ ሮቶው ውስጥ የተሞላ ኖሯል። በከተማችን ውሃ በፈረቃ መምጣቱ አዲስ ነገር ስላልሆነ ቤቱን ለዚህ ብለን አንተወውም ነበር፤ የከፋን ፈረቃውን ደብቀው የማያቋርጥ ውሃ እንዳለ አድርገው ማሳየታቸው ነው። ስለዚህ ቤት ስታዩ ቧንቧ መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ ቆጣሪው የራሱ የቤቱ መሆኑን፣ የቅርብ ወራት የውሃና የመብራት ክፍያ ደረሰኞች በማን ስም እንደወጡ፣ ፈረቃው በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱንም ከሻጩ ሳይሆን ከጎረቤት ውሰዱ።

ከምድር ቤቱ መኝታ ክፍሎች በአንዱ ባለሦስት በር ቁም ሣጥን ቆሞ ነበር። የቆመው እንደ ወጉ በማዕዘኑ በኩል ሳይሆን የመስኮቱን ግማሽ በሚሸፍን ቦታ ላይ በመሆኑ ባለቤቴ በሁለተኛው ጉብኝት «ይህን ዕቃ ለምን እዚህ አደረጉት?» ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን የሰው ቤት ዕቃ አቀማመጥ ምን አገባን ብዬ አለፍኩት። በኋላ በግንባታ ፎርማንነት ለረጅም ዓመታት የሠራ አጎቴን ይዘን ስንሄድ፣ እርሱ ገና ከበሩ ሲገባ አዲስ ቀለም ሸተተውና በቀጥታ ሄዶ ቁም ሣጥኑን በትከሻው ገፋው። ከመስኮቱ የታችኛ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ እስከ ወለሉ የሚወርድ ስንጥቅ ከጀርባው ወጣ፤ በስቱኮ ተደፍኖ ነበር፣ ስቱኮው ራሱ ግን እንደገና ተሰንጥቆ ጥፍር ያስገባል። ከሥሩ ደግሞ እስከ ጉልበት ድረስ ግድግዳው ወይቦ ቀለሙ ተነፋፍቷል።

አጎቴ እንዳስረዳን፣ ቦሌን፣ ሲኤምሲንና አያትን በመሰሉ አካባቢዎች በብዛት የሚገኘው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሸበሸባል፤ መሠረቱ በቂ ጥልቀት ሳይኖረው በላዩ የተሠራ ቤት ከዓመት ዓመት አብሮት ከፍ ዝቅ ስለሚል ይሰነጠቃል። በልስኑ ላይ የሚታይ ቀጭን የፀጉር መስመር የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ግን መሐንዲስ ሳያየው መታለፍ የለበትም። እያንዳንዱን በር ክፈቱ፣ ዝጉ፤ ሲዘጋ ወለሉን የሚፍቅ ወይም ከመቃኑ ጋር የማይገጥም በር ካለ ምክንያቱን ጠይቁ። ጂፕሰም ኮርኒስ ካለውም የጣራው ፍሳሽ ከበላዩ ሊደበቅ ስለሚችል፣ ቢቻል አንድ ጊዜ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ቤቱን እዩት።

ግዢውን እንድንተው ያደረገን ግን ስንጥቁ አልነበረም። ሻጩ ያሳየን ካርታ 200 ካሬ ሜትር ይላል፤ ፊቱ 10፣ ጥልቀቱ 20 ሜትር። አጎቴ ባለ 50 ሜትር ሜትሩን ዘርግቶ ግቢውን ሲለካ ከበሩ እስከ ኋላው አጥር 24 ሜትር ተኩል ሆነ። 45 ካሬ ሜትር ከካርታው ውጭ የታጠረ ትርፍ ይዞታ መሆኑ ነው፤ ሁለቱ ሰርቪስ ክፍሎች፣ የፍሳሽ ጉድጓዱና ሮቶው የቆሙት ደግሞ በዚሁ ላይ ነው። ዋጋው የተጠየቀው ግን ግቢው በሙሉ የሻጩ እንደሆነ ተቆጥሮ ነበር። ሻጩ አልካደም፤ «እሱ ወደፊት ይጠቃለላል፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው» አለን። ሊጠቃለልም ላይጠቃለልም ይችላል፤ ካልተጠቃለለ ግን የሚፈርሰው የገዢው ሰርቪስ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት በየሰፈሩ ምን ያህል አጥር እንዳነሣ ያየ ሰው ይህን ተስፋ በገንዘብ አይገዛም። ስለዚህ ለእይታ ስትሄዱ ሜትር ያዙ፤ ሻጩ ካፈረ ይፈር።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። ሻጩ የካርታውን ኮፒ ብቻ ካሳያችሁ ዋናው የት እንዳለ ጠይቁ፤ ቤት አስይዞ የተበደረ ሰው ዋናውን ካርታ የሚያስቀምጠው ባንክ ነውና። ዕዳና እግድ አለመኖሩን ከሻጩ ጋር ክፍለ ከተማ ድረስ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ባለትዳር ከሆነ፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ስለሚጠይቅ፣ የትዳር ጓደኛው ፊት ለፊት ቀርቦ ፈቃዱን ሲሰጥ ሳትሰሙ ወደ ገንዘብ አትሂዱ።

ትልቁ ጥፋታችን የቀብዱ ወረቀት ነበር። ደላላው «ሌላ ገዢ ከሰዓት ሊመጣ ነው» ብሎ ስላጣደፈን፣ በሁለት ምስክር ፊት የግማሽ ገጽ ጽሑፍ ፈርመን ገንዘቡን አስተላለፍን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በወረቀታችን ላይ «የይዞታው ስፋት ከካርታው ጋር ካልተስማማ፣ ወይም ዕዳና እግድ ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢኖር ኖሮ የምንከራከርበት ነገር አይኖርም ነበር። የቤት ሽያጭ ውል በውልና ማስረጃ ፊት መደረግ ስላለበት ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሊያከራክር እንደሚችል አንድ ጠበቃ ነግሮን ነበር፤ እኛ ግን የክርክሩን ጊዜና ወጪ አስበን ሽማግሌ ላክን። ከሦስት ጊዜ ድርድር በኋላ 150 ሺህ ብር ተመለሰልን፤ ደላላው ከእኛ ስንት እንዳጣ ሲነግረን የእኛን ኪሳራ አንድ ጊዜም አላነሳም።

ባለፈው ሳምንት ይኸው ቤት በሌላ ደላላ በኩል እንደገና ለገበያ መውጣቱን አየሁ። ስፋቱ «245 ካሬ፣ ውሃ 24 ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል፤ በመኝታ ክፍሉ ፎቶ ላይም ባለሦስት በሩ ቁም ሣጥን የመስኮቱን ግማሽ ሸፍኖ ቆሟል።